የቀንዷ ቀለበት እና የቀይ ባሕር ሸራዎች

እስቲ አውራ ጣታችሁንና ሌባ ጣታችሁን አገናኝታችሁ ክብ ሥሩ። በዚያ ክብ ውስጥ ከቀንድ የተቀረጸች አንዲት ቀለበት እንዳለች አስቡ። ለጣት ትሰፋለች፣ ለአንባር ትጠባለች። ጠርዟ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ውስጧን በጣታችሁ ብትዳስሱት አንድ ቦታ ላይ ሰርጎድ ብሏል፤ ገመድ እየተመላለሰ የበላው ነው።

እንዲህ ያሉ ቀለበቶች በግብፅ የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በዛሬዋ የቁሰይር ከተማ አቅራቢያ ከነበረው ጥንታዊ ወደብ ተገኝተዋል። ወደቡ በሮማውያን ዘመን ሚዮስ ሆርሞስ ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2003 እዚያ የቆፈረው ከእንግሊዙ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የሄደ ቡድን ነው። ከቀንድ የተሠሩም ከእንጨት የተሠሩም አግኝቷል፤ አብዛኞቹ የተገኙት ሰው ቆሻሻ ሲደፋበት ከነበረ ቦታ ነው። ወርቅ የሚፈልግ ሰው ቢያገኛቸው መልሶ ይጥላቸው ነበር። ለእኛ ግን እነዚህ ቀለበቶች አንድ ትልቅ ጥያቄ ይመልሳሉ፦ የጥንት የቀይ ባሕር መርከቦች በምን ዓይነት ሸራ ነበር የሚጓዙት?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ግን አይደለም። መርከብ ሲሰምጥ ከባዱ ነገር ከታች ይቀራል፤ እንስራው፣ መልሕቁ፣ አሸዋ የሸፈነው የእንጨት ወለል። ሸራ፣ ገመድና ምሰሶ ግን ከላይ ናቸው። ወይ ማዕበል ይወስዳቸዋል፣ ወይ ይበሰብሳሉ። ስለዚህ መርከቧን ያንቀሳቅስ የነበረው ዋናው ሞተር፣ ከመርከቧ ሁሉ ቀድሞ የሚጠፋው ክፍል ነው። ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ ይህንን ክፍተት የሞሉት በግምት ነበር። ግምቱም እንደምናየው ብዙ አሳስቷቸዋል።

ወደ ቀለበታችን እንመለስ። ሥራዋን ለመረዳት አራት ማዕዘን ሸራ ያላትን መርከብ አስቡ። መሐል ላይ ምሰሶ ቆሟል። ምሰሶው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ አግዳሚ እንጨት ተሰቅሏል፤ ሸራው ከዚያ አግዳሚ ላይ እንደ መጋረጃ ይንጠለጠላል። ታዲያ ነፋስ ሲበረታ ሸራውን እንዴት ታሳንሱታላችሁ? ሰው ምሰሶ ላይ አትሰቅሉም። በሸራው ፊት ላይ ከታች እስከ ላይ በረድፍ በረድፍ ቀለበቶች ተሰፍተዋል፤ ሁለቱ ትንንሽ ቀዳዳዎች ለዚህ ነበሩ። በእያንዳንዱ ረድፍ ውስጥ አንድ ገመድ ያልፋል። ገመዱ ከሸራው ግርጌ ተነሥቶ በቀለበቶቹ ውስጥ ይወጣል፣ አግዳሚውን ይሻገርና ወደ መርከቧ ኋላ ይወርዳል። መርከበኛው ከታች ቆሞ ገመዱን ሲስብ ሸራው እየተጣጠፈ ወደ ላይ ይሰበሰባል። በገመድ ስትስቡት የሚሰበሰብ የመስኮት መጋረጃ አይታችሁ ከሆነ፣ በቃ እሱን ነው።

ይህ ዘዴ ከሚመስለው በላይ ብልህ ነው። ገመዶቹ ብዙ ስለሆኑ የሸራውን አንድ ጎን ብቻ ሰብስቦ ሌላውን መተው ይቻላል። ከአርስቶትል ትምህርት ቤት እንደወጣ በሚታመነው ‘መካኒካ’ በተባለ የግሪክ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ጥያቄ አለ፦ መርከበኞች ነፋሱ ሳይመቻቸው ሲቀር በመሪው በኩል ያለውን የሸራ ክፍል ሰብስበው በፊት በኩል ያለውን የሚለቁት ለምንድን ነው? እንግዲህ አራት ማዕዘኑን ሸራ ከአንድ ጎን ስትሰበስቡት ምን ዓይነት ቅርጽ የሚይዝ ይመስላችኋል? ወደ ሦስት ማዕዘን ይጠጋል። ይህንን ልብ በሉ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ስለ ሸራው ጨርቅ ደግሞ ሁለት ግኝቶችን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው በፈረንሳይዋ ሊዮን ከተማ ሙዚየም የሚገኝ የበፍታ ሸራ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረ ሲሆን የእንጨት ቀለበቶቹ ተሰፍተውበት ነው የተገኘው። የተረፈው እንዴት መሰላችሁ? ግብፃውያን አሮጌውን ሸራ ለአስከሬን መጠቅለያ አደረጉት፤ ደረቁ መቃብርም ጠበቀው። የሸራው ባለቤት ያንን ጨርቅ ሲሸጥ ወይም ሲሰጥ ለእኛ ማስረጃ እያስቀመጠ እንደሆነ በምን ያውቃል!

ሁለተኛው ግኝት ከሚዮስ ሆርሞስና ከእርሷ በስተ ደቡብ ከነበረችው ከበረኒቄ ወደብ ነው። እዚያ የተገኙት የሸራ ቁርጥራጮች ከጥጥ የተሠሩ ናቸው። አያታችሁ በእንዝርት ሲፈትሉ አይታችሁ ከሆነ ክር ሲከር ወደ አንድ አቅጣጫ እንደሚጠመዘዝ ታውቃላችሁ። ክሩን በቁሙ ይዛችሁ በአጉሊ መነጽር ብታዩት ጠመዝማዛው መስመር ከታች ወደ ላይ ሲሄድ ወይ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ወይ ወደ ግራ። በዚያ ዘመን የግብፅ ፈታዮች ባብዛኛው ወደ ግራ ያከሩ ነበር፤ የህንድ ፈታዮች ደግሞ ወደ ቀኝ። የሸራዎቹ ጥጥ ወደ ቀኝ የከረረ ነው። የጨርቅ ታሪክ አጥኚዎች ከዚህ ተነሥተው ጨርቁ ህንድ ውስጥ እንደተሠራ ይናገራሉ። ከግብፅ የተነሣው የሮማ መርከብ ህንድ ሲደርስ ሸራው አርጅቶ እዚያው አዲስ ገዝቷል ማለት ነው፤ ወይም ከህንድ የመጣ መርከብ አሮጌውን እዚህ ጥሏል። የቱም ይሁን፣ አንዲት ክር የውቅያኖስ ንግድን ስትመሰክር ማየት እኔን ሁሌም ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ስሕተቱ እንምጣ።

“የቀይ ባሕር ጥንታዊ መርከብ ሣሉ” ብላችሁ ብትታዘዙ ብዙዎቻችሁ ትልቅ ሦስት ማዕዘን ሸራ የተሰቀለባት ጀልባ የምትስሉ ይመስለኛል፤ ሳምቡክ ወይም ዳው የምንላትን። ልክ ናችሁ፣ ባለፉት ጥቂት መቶ ዓመታት የነበሩት እንዲያ ናቸው። ሸራው ላቲን ሸራ ይባላል። በዳው ላይ ያለው በትክክል ሦስት ማዕዘን እንኳ አይደለም፤ የፊተኛው ጫፉ ትንሽ ስለተቆረጠ አራተኛ አጭር ጎን አለው። ለረጅም ጊዜ መጻሕፍት ይህንን ሸራ የፈጠሩት ዐረቦች እንደሆኑ፣ በ7ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ሜዲትራንያን ይዘውት እንደመጡ፣ አውሮፓውያንም ከእነርሱ እንደተማሩት ይጽፉ ነበር። ከዚህ ጋር ሌላ እምነት ተጣብቆ መጣ፦ ሦስት ማዕዘኑ ከነፋስ ጋር እየተፋጠጠ መሄድ ስለሚችል “ኋላ ቀሩን” አራት ማዕዘን አሸነፈው የሚል።

ሁለቱም ፈተና አላለፉም። በአቴንስ ወደብ በፒሬየስ የተገኘ የ2ኛው ክፍለ ዘመን የመቃብር ድንጋይ ላይ የተቀረጸችው መርከብ ሸራዋ የላቲን ዓይነት ነው። በደቡብ ቱርክ በኬሌንደሪስ የተገኘ የ5ኛው ወይም የ6ኛው ክፍለ ዘመን የወለል ሞዛይክ ላይም ረጅም ዘንበል ያለ አግዳሚ ያላት መርከብ በግልጽ ትታያለች። ሁለቱም የዐረብ ጦር ሜዲትራንያን ከመድረሱ በፊት የተሠሩ ናቸው። የቀይ ባሕር ቀለበቶች ደግሞ ተቃራኒውን ጎን ሞሉልን። ቀለበት የሚያስፈልገው አራት ማዕዘኑ ሸራ ብቻ ነው፤ ላቲን ሸራ አያስፈልገውም። ቀለበቶቹ በብዛት መገኘታቸው በሮማውያን ዘመን ቀይ ባሕርንና የህንድ ውቅያኖስን ሲያቋርጡ የነበሩት መርከቦች አራት ማዕዘን ሸራ እንደነበራቸው ይነግረናል። ላቲኑ ሸራ ወደ ህንድ ውቅያኖስ መቼ ገባ በሚለው ላይ ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። አንዳንዶቹ ከእስልምና መነሻ ዘመን ጋር ያያይዙታል፤ ሌሎች ፖርቱጋሎች እስከመጡበት እስከ 1500 አካባቢ ድረስ ይገፉታል።

“ይሁን፤ ግን ሦስት ማዕዘኑ የተሻለ ስለሆነ ነው ያሸነፈው” ትሉ ይሆናል። እኔም እንዲያ ነበር የማስበው። ጁሊያን ኋይትራይት የተባለ የባሕር አርኪዮሎጂ ተመራማሪ ይህንን በቁጥር ፈተሸው። በጥንት ጽሑፎች የተመዘገቡ የጉዞ ጊዜያትን ሰበሰበ፣ በጥንቱ አሠራር ዳግም የተሠሩ መርከቦች ባሕር ላይ ያስመዘገቡትን ፍጥነትም ጨመረ። ውጤቱ ምን ሆነ? ሁለቱም ሸራዎች እኩል ሊባል በሚችል ደረጃ ላይ ናቸው። ነፋስ ሲመቻቸው በሰዓት ከ7 እስከ 11 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ። ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣባቸው ደግሞ ወደ መድረሻቸው የሚጠጉት በሰዓት ከ4 ኪሎ ሜትር ባነሰ ነው፤ እናንተ በእግራችሁ ትቀድሟቸዋላችሁ!

ለምን እንዲህ ይዘገያሉ? የሊማሊሞን መንገድ አስቡ። መኪና ገደሉን ቀጥ ብሎ መውጣት ስለማይችል ወደ ግራ ይጠመዘዛል፣ ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል፤ ብዙ ኪሎ ሜትር ነድቶ ጥቂት ከፍታ ያገኛል። የሸራ መርከብም ነፋስ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ቀጥ ብላ መሄድ አትችልም። ነፋሱን በጎን እየተቀበለች ወደ ግራ ትሄዳለች፣ ትዞራለች፣ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። መኪና መታጠፊያው ላይ መሪ ማዞር ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ዳው ላይ ግን እያንዳንዱ መታጠፊያ ትልቅ ሥራ ነው። የላቲን ሸራ አግዳሚ ረጅም ስለሆነ ከአንድ ዛፍ አይወጣም፤ የተለያዩ እንጨቶች ጫፍ ለጫፍ ተደራርበው በገመድ ይታሠራሉ። አቅጣጫ ሲቀየር መርከቧ ጀርባዋን ለነፋሱ ትሰጣለች፣ ሸራው ይለቀቃል፣ አግዳሚው ወደ ምሰሶው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከዚያ ሰዎች የታችኛውን ጫፍ ተሸክመው በምሰሶው ፊት ወደ ሌላው ጎን ያሻግሩታል፤ ምሰሶውን የሚደግፉት ገመዶችም ነፋሱ ወደመጣበት ጎን ይዛወራሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን በላያቸው ላይ ሸራው በነፋስ እየተራገበ ነው።

አውስትራሊያዊው መርከበኛና ጸሐፊ አላን ቪሊየርስ ይህንን ሥራ በዓይኑ አይቷል። እ.ኤ.አ. በ1938 መጨረሻ ከኤደን ተነሥቶ በአንድ የኩዌት ዳው ላይ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ወርዷል፤ በ1939ም አብሯት ወደ ኩዌት ተመልሷል። የመርከቧ አለቃ አሊ ቢን ናስር አል ነጅዲ የተባለ ሰው ነበር። ቪሊየርስ ከጻፋቸው ነገሮች የማይረሳኝ የዘፈኑ ነገር ነው። ያንን ከባድ አግዳሚ ወደ ላይ የሚጎትቱት ሰዎች ሥራውን የሚያስኬዱት በዘፈን ነበር፤ እግርና እጅ በምት ይገጥማል። ደቦ ወጥቶ ያጨደ ወይም ሲታጨድ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

ታዲያ ላቲኑ ሸራ ፍጥነት ካልጨመረ ለምን ተመረጠ? የኋይትራይት መልስ ቀላል ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል ብዙ ሰው ያላሰበው። ዕቃው ያንሳል። አራት ማዕዘኑ ሸራ በርካታ ቀለበቶች፣ በእያንዳንዱ ረድፍ ገመድ፣ የሚሰፋ፣ የሚቀየር፣ የሚያልቅ ነገር አለው። ላቲኑ ምሰሶ፣ አግዳሚ፣ ሸራና ጥቂት ገመዶች ብቻ ናቸው። ለነጋዴ ርካሽ ሸራ ማለት ትርፍ ማለት ነው። ነጻ ስጦታ ግን አልነበረም፤ ያ መጋረጃ የመሰለ መሰብሰቢያ ሲቀር ሸራውን በቀላሉ ማሳነስ አብሮ ቀረ። ነፋስ ሲበረታ የዳው መርከበኞች ትልቁን ሸራ አውርደው ትንሽ ሸራ ይሰቅሉ ነበር፤ ለዚህም የተለያየ መጠን ያላቸው ሸራዎች ይዘው ይጓዛሉ።

ነፋስን በሸራ ማሸነፍ ካልተቻለ ሰዎቹ ምን አደረጉ? ጊዜውን ጠበቁ። በህንድ ውቅያኖስ ላይ ከሰኔ እስከ መስከረም ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ወደ ህንድ ይነፍሳል፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት ደግሞ ተገልብጦ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ አፍሪካ ይነፍሳል። ሞንሱን የምንለው ይህ ነው፤ ቃሉም ወቅት ከሚለው የዐረብኛ ቃል፣ ከመውሲም የመጣ ነው። ቀይ ባሕር የራሱ ጠባይ አለው። በሰሜኑ አጋማሽ ዓመቱን ሙሉ ነፋሱ ከሰሜን ነው። በደቡቡ አጋማሽ በክረምታችን ከሰሜን፣ በበጋችን ከደቡብ ይነፍሳል። በ1ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ግብፅ የሚኖር ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ የጻፈው ‘ፔሪፕሉስ’ የተባለ የባሕር መመሪያ አለ። እርሱ ወደ ህንድ የሚሄዱ መርከቦች ከግብፅ በሐምሌ እንዲነሡ ይመክራል። ለአክሱም ወደብ ለአዱሊስ ደግሞ ከጥር እስከ መስከረም ድረስ መሄድ እንደሚቻል፣ ምርጡ ጊዜ ግን መስከረም እንደሆነ ይናገራል። ምክንያቱ ይገባችኋል አይደል? መስከረም ላይ የሰሜኑ ነፋስ አዱሊስ ያደርሳችኋል፤ ዝሆን ጥርሱን ጭናችሁ ስትጨርሱ የደቡቡ ነፋስ ይነሣል።

ግን የደቡቡ ነፋስ እስከ መጨረሻው አያደርስም፤ መሐል መንገድ ላይ የሰሜኑ ይጠብቃችኋል። በረኒቄ ደቡብ ላይ የተቆረቆረችበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መርከቡ ከነፋሱ ጋር መታገሉን እዚያ ያቆማል፣ ጭነቱ በግመል በረሃውን አቋርጦ ዓባይ ይደርሳል። ሮማዊው ፕሊኒ ከዓባይ ዳር ከኮፕቶስ ተነሥቶ በረኒቄ የሚደረሰው በ12ኛው ቀን እንደሆነ ጽፏል። ሸራው የማይችለውን ግመሉ ጨረሰው።

አዱሊስን ካነሣን ንጉሥ ካሌብን መዝለል አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ525 አካባቢ ካሌብ የናግራንን ክርስቲያኖች የፈጀውን የሂምያሩን ንጉሥ ዙ ኑዋስን ለመውጋት ባሕር ተሻገረ። የናግራኑ ሰማዕት የኂሩት ገድል በግሪክኛ ቅጂው የመርከቦቹን ዝርዝር ሳይቀር ይሰጣል፦ ከአይላ 15፣ ከክሊስማ 20፣ ከኢዮታቤ 7፣ ከበረኒቄ 2፣ ከፈረሳን 7፣ ከህንድ 9፤ በድምሩ 60። ካሌብ ራሱ ደግሞ 10 አሠራ ይላል። በዚያው ዘመን ገደማ ኮስማስ የተባለው ነጋዴ አዱሊስ ነበር፤ የጦርነቱን ዝግጅት ሰምቷል።

የመርከቦቹን አሠራር የነገረን የባይዛንታይኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ ነው። በዚህ ባሕር ያሉ መርከቦች በሚስማር አይመቱም፣ ሳንቃዎቻቸው እርስ በርስ በገመድ ይታሠራሉ ይላል። ሰዎች ለዚህ የሚሰጡትን ምክንያትም ይጠቅሳል፤ በባሕሩ ውስጥ ብረት የሚስቡ ድንጋዮች ስላሉ ሚስማር ያላት መርከብ ትጎተታለች ይባል ነበር። ፕሮኮፒየስ ግን “ይህ ተረት ነው፤ የሮማ መርከቦች ብዙ ብረት ይዘው እዚያ ሲጓዙ ምንም አልደረሰባቸውም” በሚል ስሜት ያፈርሰዋል። የእርሱ ምክንያት ብረት ማጣት ነው፤ ሮማውያን ብረት እንዳይሸጡላቸው በሕግ ተከልክለው ነበር። በ6ኛው ክፍለ ዘመን እንዲህ ያለ ማጣራት ማየት ያስደስታል።

በገመድ የተሰፋች መርከብ ደካማ እንዳትመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1980 ቲም ሴቨሪን የተባለ ብሪታንያዊ ተጓዥ በኮኮናት ቃጫ የተሰፋች፣ ‘ሶሃር’ የተባለች መርከብ ኦማን ውስጥ አሠርቶ እስከ ቻይና ሄዷል፤ በ1981 ደርሷል። የሰቀለባት ሸራ የዳው ሸራ ነበር። ከዚያ በ1998 ኢንዶኔዥያ አጠገብ፣ በቤሊቱንግ ደሴት አቅራቢያ፣ የ9ኛው ክፍለ ዘመን የተሰፋ መርከብ ከአሥር ሺዎች ከሚቆጠር የቻይና ሸክላ ጋር ተገኘ። ኦማን ያንን መርከብ ተከትላ 18 ሜትር ገደማ የምትረዝም ‘የሙስካት ዕንቁ’ የተባለች መርከብ ሠራች፤ በ2010 ከኦማን ተነሥታ ሲንጋፖር ገባች። ይቺኛዋ የሰቀለችው አራት ማዕዘን ሸራ ነበር፤ አንዱም ሸራ የተሠራው ከዘንባባ ቅጠል ነው፣ እኛ ሰሌን ከምንለው ዓይነት ጥልፍልፍ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ማንም ያልተጠራጠረው ሸራ በ2010 ተቀይሯል። በመሐል የተለወጠው ባሕሩ አይደለም፤ ከቆሻሻ ውስጥ ቀለበት የለቀሙ ሰዎች አሉ።

ስለዚህ የካሌብን መርከቦች የሚያሳይ ሥዕል ስትመለከቱ መጀመሪያ ሸራውን እዩ። ከበረኒቄ የመጡት ሁለቱ ያ የጥጥ ሸራ ከተገኘበት ወደብ የተነሡ ናቸው። ከኤርትራ ጠረፍ ማዶ፣ በዳህላክ አካባቢ ባለችው ብላክ አሳርካ ደሴት አጠገብ፣ ከአክሱም ዘመን የቀረ የሰመጠ መርከብ እ.ኤ.አ. በ1995 እና በ1997 ተጠንቷል። የተገኙት እንስራዎች ከአይላ ወደ አክሱም ይመጡ ከነበሩት ጋር አንድ ዓይነት ናቸው። ሸራው እንደተለመደው የለም። ጠላቂዎች ወደፊት እዚያ ከወረዱ፣ ከእንስራዎቹ ሥር ያለውን አሸዋ በወንፊት ቢነፉት ደስ ይለኛል፤ ሁለት ቀዳዳ ያላት ትንሽ ቀለበት ካመለጠች ደግማ አትገኝም።